ስለ ዘንዶው ሣጥን



ሦስት የመንደራችን ወጣቶች የዘንዶ ግልገል ይዘው በሣጥን ማሳደግ መጀመራቸው ለብዙዎቻችሁ የተሰወረ አይደለም። ከዚሁ የተነሣ ላለፉት ሁለት ሳምንታት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ያልመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ገሚሱ «ይቃጠል» ይላል፤ ገሚሱ «ምን አደረገ፣ መርዝ የለው» ይላል፤ ዶሮ የጠፋባቸው እናቶችም አሉ። እኛ በበኩላችን ሣጥኑን በዓይናችን አይተን፣ ልጆቹንም አነጋግረን፣ ያለንን ሐሳብ እነሆ እንላለን።

በመጀመሪያ እውነቱ ይነገር። ዘንዶ መርዝ የለውም። ልጆቹ ይህን በትክክል ያውቃሉ፤ ከእፉኝት የሚለይበትንም ከብዙዎቻችን ይልቅ አጥርተው ያስረዳሉ። የዶሮዎቹ ነገርም ቢሆን፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ እምብዛም የማይበልጥ ግልገል አውራ ዶሮ ዋጠ ማለት አያስኬድም፤ ሸለምጥማጥን ብንጠረጥር ይሻላል። ወተት ይወዳል የሚባለውም ወሬ ነው። የሚጠጣው ውኃ፣ የሚበላውም አይጥ ነው፤ እሱንም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ካገኘ ይበቃዋል። (በነገራችን ላይ፣ ሰው በእፉኝት ቢነደፍ ማሠር፣ መብጣት፣ መምጠጥ ይቅር። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።)

ሣጥኑ ከኮምፖርሳቶ የተሠራ ነው። ጠርዙ ተልጓል፣ ማዕዘኑም ልክ ገጥሟል። እጃቸው ይባረክ፤ ይህ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሰሌዳ ክፈፉ የእነሱ ሥራ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ግን ሣጥን ስላማረ ለእባብ ይሆናል ማለት አይደለም። ፊቱ የወንፊት ሽቦ ነው። እባብ መውጫ ሲፈልግ አፍንጫውን እያስጠጋ ደጋግሞ ስለሚገፋ ሽቦው ይልጠዋል። ፊቱ መስተዋት ሆኖ፣ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ከጭንቅላቱ ያነሰ መሆን ነበረበት። ገብቶ የሚደበቅበትም ጥግ አልተሠራለትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሣጥኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። እባብ የሰውነቱን ሙቀት እንደ እኛ ከውስጡ አያገኝም፤ ሲበርደው ወደ ሙቁ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል እንጂ። በብርድ አገር እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች ጭንቃቸው ማሞቅ ነው። በሣጥኑ አንድ ወገን አምፖል ያበሩና እባቡ ተጠግቶ እንዳይቃጠል ይከልሉታል፤ ሌላውን ወገን ቀዝቀዝ እንዳለ ይተዉታል። እኛ ያለነው አርባ ምንጭ ነው! እዚህ የሚቸግረው ጥላ ነው። በቀትር ከቆርቆሮ ሥር መሸሻ ያጣ እባብ በሙቀቱ ይሞታል።

መዝጊያውስ? አንድ የተቆለመመ ምስማር፣ ከላዩ ድንጋይ። ሁለመናው ጡንቻ ለሆነ ፍጥረት ይህ መዝጊያ አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማንሣት እንገደዳለን። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በካናዳ ካምቤልተን በምትባል ከተማ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ይኖር የነበረ ዘንዶ ከማደሪያው ወጣ። በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ አልፎ ሄዶ ተኝተው የነበሩ የ4 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾችን ገደለ። ያ ዘንዶ የፈረንጅ አገር አውሬ አልነበረም፤ የአፍሪካ ዘንዶ ነው፣ በእኛው አገር ቆላ ያለው ዓይነት።

ይህን የጻፍነው ሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ ግልገሉ ዛሬ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ያድጋል። 4 ሜትር ሊያልፍ፣ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ዛሬ አይጥ፣ ነገ ዶሮ፣ ከዚያ ደግሞ ፍየል ሊል ነው። ልጆቹን «የዛሬ 10 ዓመት የት ትሆናላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ላይ አለ፤ አንዱ አዲስ አበባ አለ፤ ሦስተኛው ሳቀ። ታዲያ ዘንዶው ከማን ጋር ሊቀር ነው? ከእናቶቻቸው ጋር!

«አዞስ እዚሁ ከተማችን ይረባ የለም ወይ?» ብለው ተከራክረውናል። ጥያቄው መልካም ነው። ግን አዞ እርባታው ውስጥ አዞዎቹ በየዕድሜያቸው በሲሚንቶ ገንዳ ተለይተው፣ ሠራተኛ ተመድቦላቸው ነው የሚያድጉት። ሥራቸውን የሚያውቁ እባብ አሳዳጊዎችም ከሰው እጅ የተፈለፈለ፣ ብዙ የማይረዝም ዓይነት መርጠው፣ አስቀድመው ሣጥኑን ሠርተው ነው እንስሳውን የሚያመጡት። የእኛዎቹ ዘንዶውን ከጫካ ካነሡ በኋላ ነው ጣውላ የፈለጉት። ያለ ፈቃድ የዱር አውሬ ይዞ መገኘት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል፤ የነጭ ሣር ፓርክ ጎረቤቶች ሆነን ይህን አላወቅንም ብንል ማን ያምነናል?

ስለዚህ ዘንዶው አይገደልም፣ አይቃጠልም። የፓርኩ ሰዎች በመጪው ቅዳሜ እንዲረከቡን ተነጋግረናል። ልጆቹም ተስማምተዋል፤ አንዱ እንዳኮረፈ ነው። እስከዚያው ሣጥኑ ወደ ማኅበሩ ዕቃ ቤት ገብቶ ጓጉንቸር ተደርጎበታል። ውኃ የሚቀይሩለት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ዱላ ይዞ መምጣትም ሆነ ሕፃናትን ለማሳየት ማምጣት ክልክል ነው።

ከቅዳሜ በኋላ ሣጥኑን ለጫጩት ማሳደጊያ ሊገዛ የሚፈልግ ካለ ከልጆቹ ጋር በዋጋ ይነጋገር። ምስማሩን ግን አውልቆ መቀርቀሪያ ያስገባበት።