ዕቃው ከጉምሩክ ክልል ውጭ ቢቆጠርም ሠራተኛው ከሕግ ውጭ አይደለም

የውጭ ንግድን የሚመለከት ውሳኔ ላይ ላዩን ሲታይ የነጋዴውና የጉምሩክ ሹሙ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ጭነቱን የሚያወርደው፣ የሚያሽገውና የሚገጣጥመው ሠርቶ አደር ጉዳይ ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደገና ተደራጅቶ ነፃ የንግድ ቀጣና እንዲሆን መንግሥት የሰጠው ይሁንታና ቀጣናው ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ መመረቁ መመርመር ያለባቸው ከዚህ አቅጣጫ ነው።

ለመሆኑ ነፃ የንግድ ቀጣና ማለት ምን ማለት ነው? በአጭሩ፣ በሀገር መሬት ላይ ያለ ሆኖ ወደ ውስጡ የገባው ዕቃ ለቀረጥ አከፋፈል ሲባል ከጉምሩክ ክልል ውጭ እንዳለ የሚቆጠርበት የታጠረ ሥፍራ ነው። ከውጭ የመጣው ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ ይታሸጋል ወይም ወደ ሌላ ምርት ይለወጣል። ተመልሶ ወደ ውጭ ከተላከ የአስመጪ ቀረጥ አይጠየቅበትም፤ ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ ከወጣ ግን ቀረጡ ይከፈልበታል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ተግባሩ ማምረት ሲሆን፣ ነፃ ቀጣና ምርትን፣ ማከማቻንና ንግድን በአንድ አጥር ውስጥ ያገናኛል።

ድሬዳዋ ለዚህ ተግባር የታጨችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ራሷ የንግድ መሥመር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ቢከብደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም በዚሁ በኩል ያልፋል።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ሐዲድ በውጭ ካፒታል የተዘረጋ የኩባንያ ንብረት ነበር። ቡናውና ቆዳው በጥሬው ወጣ፤ የተሠራው ዕቃ ገባ፤ ትርፉም የመሥመሩን አቅጣጫ ተከትሎ ሄደ። ለከተማዋ የቀረላት ትልቅ ሀብት በባቡሩ ጋራዥ ብረት መቁረጥንና ሞተር መጠገንን የተማረው ሠራተኛ ሙያ ነው። የባቡር ሠራተኞች በሀገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ከቀደምቶቹ መካከል መሆናቸውም አይዘነጋም። ሙያና ድርጅት በባቡር ተጭነው አይሄዱም፤ የትናንቱ ሐዲድ ያስተማረን ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ባለሀብት የሚመጣው ርካሽ ጉልበት ሲያገኝ ነውና ስለ ሠራተኛ መብት ማንሳት ቀጣናውን ባዶ ያስቀረዋል የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በርካሽነት ብቻ የመጣ ካፒታል ከዚያ የረከሰ በተገኘ ማግስት ይሄዳል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሀገራችን ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትወጣ፣ በዚያ ገበያ ላይ ተመሥርተው ይሠሩ በነበሩ ፓርኮች የሥራ ቦታ የታጠፈው በአብዛኛው በልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ላይ ነበር። ሌላው የሰጠውን የቀረጥ ዕድል ሌላው ይነሣዋል፤ የሠራተኛውን ሙያ ግን ማንም አይነሣውም።

ስለዚህ ሊሰመርበት የሚገባው መሠረታዊ ጉዳይ ይህ ነው፤ ዕቃው ለቀረጥ ሲባል ከጉምሩክ ክልል ውጭ እንዳለ ይቆጠር እንጂ፣ ሠራተኛው ለደመወዝ፣ ለደኅንነትና ለመደራጀት ሲባል ከሀገር ውጭ እንዳለ ሊቆጠር አይችልም። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ንና 98ን በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። እነዚህ ሕጎች በአጥሩ በር ላይ የሚቆሙ አይደሉም።

በመሆኑም ሦስት ተግባራት ከፊታችን ተደቅነዋል። አንደኛ፣ ሠራተኛው በቀጣናው ውስጥ በማኅበሩ ይደራጅ፤ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ያንብብ፣ ያልገባውንም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በቀጣናው የሚሠሩ ድርጅቶች የጥበቃና የጽዳት ሥራን ብቻ ሳይሆን የቴክኒክ ሙያውንም ለአካባቢው ወጣት ያስተምሩ፤ ካርቶኑንም፣ ምግቡንም፣ ትራንስፖርቱንም ከከተማዋ አምራቾች ይግዙ። ሦስተኛ፣ የቀበሌ ነዋሪዎች ነቅተው ይጠብቁ። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በጓሮ ሾልኮ ከፊራ ገበያ ከደረሰ፣ የሚከስረው ግብሩን በሐቅ የሚከፍለው ትንሹ ነጋዴና ያ ቀረጥ ሊሠራው ይችል የነበረው ትምህርት ቤት ነው።

የመንግሥት ይሁንታ በሩን ይከፍታል፤ በበሩ ማን እንደሚገባና ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ግን በወረቀት ብቻ አይወሰንም። የቀጣናው ስኬት ከተራገፈው ኮንቴይነር ብዛት ባሻገር፣ ማታ በዚያ በር ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሠራተኛ ይዞት በሚሄደው ደመወዝ፣ ሙያና ክብር ይለካ!