ዕዝራ ብሩን መዝኖ ነው ያስረከበው



ክረምት ሲገባ ከጉባኤያችን የሚወጣውና የሚገባው መንገደኛ ይበዛል። አንዷ እናት ልጇን ልታርስ ወደ አሜሪካ ትሄዳለች፤ አንዱ ወንድም ለኮንፈረንስ ወደ ናይሮቢ ይነሣል፤ ሌሎች ለዓመታት አጠራቅመው ኢየሩሳሌምን ሊያዩ ይሄዳሉ። ከአረብ አገር እህቶቻችን ይመለሳሉ። እሁድ ወደ ፊት ወጥተው እጅ ተጭኖ ይጸለይላቸዋል፤ በጸሎቱም ውስጥ ከሌባና ከቀማኛ እንዲጠበቁ ሳይለመን አይቀርም። ሁላችንም አሜን እንላለን። ነገር ግን የያዙት ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ይህን መጠየቅ ሥጋዊ ነገር፣ እንዲያውም የእምነት ማነስ ይመስለናል።

እኔ ግን እንደዚያ አላምንም። በመንገድ ላይ ገንዘብን በጥንቃቄ መያዝ እምነት የማጣት ምልክት አይደለም። ገንዘቡ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ አለመጠንቀቅ በደል ነው።

የእኛ ሰው የራሱን ገንዘብ ብቻ ይዞ አይጓዝም። ሊሄድ መሆኑ ከተሰማ ጎረቤቱ፣ የአክስቱ ልጅ፣ አብሮት የሚዘምረው ጓደኛው ሁሉ "እባክህ ይህችን ብቻ አድርስልኝ" ይላሉ። ከውጭ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። በአንድ ሻንጣ ውስጥ የአንዲት እናት የስኳር መድኃኒት መግዣ፣ የአንድ ወላጅ አልባ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለጸሎት ቤት ጣሪያ የተዋጣ ገንዘብ በየፖስታው ታሽጎ ይገኛል። አባቶቻችን "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሌባው ሻንጣውን ሲወስድ የሚወስደው የተጓዡን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ያልነበረች አንዲት ባልቴትም ትዘረፋለች።

ስለዚህ ጉዳይ ከዕዝራ መጽሐፍ 8ኛ ምዕራፍ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ የያዘው ቀላል ነገር አልነበረም። ስድስት መቶ አምሳ መክሊት ብር፣ አንድ መቶ መክሊት ወርቅ፣ በዚያም ላይ የቤተ መቅደሱ ዕቃ። አንድ መክሊት በዛሬው ሚዛን ወደ 30 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው ብንል ብሩ ብቻ ወደ 20 ቶን ይጠጋል። መንገዱ አራት ወር ያህል የሚፈጅ ነበር፤ በመንገዱም ላይ የሚያደቡ ነበሩ። ዕዝራ ደግሞ ወታደር እንዲሰጠው ንጉሡን ለመጠየቅ አፈረ፤ የእግዚአብሔር እጅ በሚፈልጉት ላይ ለመልካም እንደሆነች አስቀድሞ ለንጉሡ ነግሮት ነበርና። ስለዚህ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም አወጀ፤ ጸለዩ፤ እግዚአብሔርም ሰማቸው።

ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጾመ፣ ጸለየ፣ ደረሰ እንላለን። ምዕራፉ ግን ይቀጥላል። ከጸሎቱ ቀጥሎ ያለው ሥራ ሚዛን ነው። ዕዝራ ከካህናቱ አለቆች አሥራ ሁለቱን ለየ፤ ብሩንና ወርቁን መዝኖ በእጃቸው ሰጣቸው፤ ኢየሩሳሌም ደርሰው እስኪመዝኑት ድረስ ተግተው እንዲጠብቁም አዘዛቸው። ከደረሱ በኋላ በአራተኛው ቀን ሁሉም እንደገና በቍጥርና በሚዛን ተረከበ፤ ክብደቱም ሁሉ በዚያው ጊዜ ተጻፈ። ወታደር አልጠይቅም ያለው ሰው የሚዛን ቍጥር አልተወም። እግዚአብሔርን ታምኖ ካህናቱን ግን ቈጥሮ አስረከባቸው። ካህናቱም "አታምነንም ወይ?" ብለው እንደ ተቈጡ አልተጻፈም።

ነህምያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በዚሁ መንገድ ሲመጣ ንጉሡ የጭፍራ አለቆችንና ፈረሰኞችን አብሮት ላከ፤ እርሱም አብረውት መጡ። ማንም ነህምያን እምነት የጎደለው አላለውም። ስለዚህ "ጠባቂ ካልያዝክ ታምነሃል፣ ከያዝክ ግን አልታመንክም" የሚል ሕግ ከመጽሐፍ ቅዱስ ማውጣት አይቻልም። በሁለቱም ዘንድ ያለው ጸሎትና አስተዋይነት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልተሸከመም። በሐዋርያት ሥራ 20 ላይ አብረውት የሄዱት ሰባት ሰዎች ከየአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ በስማቸው ተዘርዝረዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 ምክንያቱን ይናገራል፤ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈው ይጠነቀቅ ነበር፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ያስብ ነበር። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ የወንበዴዎችን ፍርሃት ከመከራዎቹ መካከል ይቈጥራል። መንገዱን በደንብ ያውቀዋል ማለት ነው። የጳውሎስ ጥንቃቄ ከወንበዴው ብቻ አይደለም፤ ከሐሜትም ጭምር ነው። እኛ የምንረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንድ ወንድም ወደ ዱባይ ሲሄድ ለኅብረቱ ኪቦርድና ሚክሰር እንዲገዛ ገንዘብ ተሰጠው። በጥድፊያ በሁለት በሦስት ሰው እጅ ተሰብስቦ ነው የደረሰው፤ ማንም አንድ ላይ አልቈጠረውም፤ አልፈረመም። በገበያው መካከል የትከሻ ቦርሳው ተቀዶ ገንዘቡ ተወሰደ። ልጁ የተቀደደውን ቦርሳ ይዞ መጣ። ሰዎች ፊት ለፊት "እግዚአብሔር ይካስህ" አሉት። በየቤቱ ግን ሌላ ወሬ ነበር። ገንዘቡ ስንት እንደ ነበር እንኳን በሁለት ሰው ዘንድ አንድ ቍጥር አልተገኘም። ያ ወንድም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደ። ገንዘቡን የወሰደው የዱባዩ ሌባ ነው፤ ስሙን የወሰድንበት ግን እኛ ነን፤ ምክንያቱም የሚከላከልለት አንዲት ወረቀት አልሰጠነውም። መቍጠር ተሸካሚውን መጠራጠር የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ።

እንግዲህ ወደ መንገዱ ልምጣ፤ ይህ የእረኛ ሥራ አይደለም የሚለኝ ካለ ይታገሠኝ።

የእናቶቻችን መቀነት ከብዙ ዘመናዊ ቦርሳ ይበልጣል። እናት ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ገበያ ስትውል ኪስ አውላቂ አይደርስባትም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ከልብስ በታች፣ ከሰውነት ጋር ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ከሸሚዝ ሥር የሚታሰር ቀጭን የገንዘብ መያዣም ያው መቀነት ነው። ዋናው ገንዘብና ፓስፖርት እዚያ ይቀመጥ፤ የዕለቱ ወጪ ብቻ በፊት ኪስ ይሁን። ውሃና ዳቦ ለመግዛት ሰው ፊት መቀነት የሚፈታ ሰው ግን የት እንዳስቀመጠ ለሌባው አሳየው ማለት ነው።

ገንዘብና ወርቅ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ በሚገባ ሻንጣ በፍጹም አይቀመጥ። የእጅ ሻንጣችሁንም በሩ ላይ "ቦታ ሞልቷል፣ ከታች ይግባ" ብለው ሊቀበሏችሁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አስቀድማችሁ ገንዘቡን አውጡ። በሌሊት በረራ ሰው ሁሉ ሲተኛ ከራስ በላይ ያለውን መደርደሪያ ከፍቶ የሰው ሻንጣ የሚበረብር ሌባ አለ። ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ከእግራችሁ በፊት ካለው ወንበር ሥር ይሁን።

ሌባ ብቻውን አይሠራም። አንዱ ልብሳችሁ ላይ አንዳች ነገር ያፈስሳል፣ ወይም ሳንቲም ይበትናል፣ ወይም ፊርማ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ይወስዳል፤ ሦስተኛው ተቀብሎ ይሰወራል። በባቡርና በአውቶቡስ በር ላይ ያለው ግፊያ የሥራ ቦታቸው ነው። በሮም ከተርሚኒ ጣቢያ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቍጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው፤ በባርሴሎና የላ ራምብላ መንገድም እንዲሁ። መንፈሳዊ ስፍራ ነው ብሎ መዘናጋትም አያስፈልግም። በኢየሩሳሌም ከደብረ ዘይት ተራራ ላይ ከተማይቱን ቍልቍል በሚያሳየው ስፍራ ተጓዦች ስለ ኪስ አውላቂ ይነገራቸዋል። ሰው ልቡ ተነክቶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሲቆም ሌባው የሚጠብቀው ያን ሰዓት ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በየኮንፈረንሱ ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን አንሥተን ስናመልክ ቦርሳችን ወንበር ላይ ነው። አምልኮው አይቋረጥ፤ የቦርሳው ማንጠልጠያ ግን በትከሻ ላይ ቢሆን መንፈስ ቅዱስ አያዝንም።

"ፖሊስ ነኝ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ እየፈለግን ነው፣ ቦርሳህን ክፈት" የሚል ሰው መንገድ ላይ ቢያስቆማችሁ በትሕትና "ወደ ጣቢያ እንሂድና እዚያ እከፍታለሁ" በሉት። ሐሰተኛው አይመጣም። መሣሪያ አውጥቶ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ያለውን ሁሉ ስጡት፤ ለገንዘብ ብሎ የሚሞት ሰው ሰማዕት አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ "ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ይህን ዕቃ ለአፍታ ያዝልኝ" የሚለውን የማታውቁትን ሰውም ሰላምታው ብቻ አያሳምናችሁ። ያላያችሁትን፣ ራሳችሁ ያልጠቀለላችሁትን ዕቃ አትያዙ፤ በዚህ ምክንያት በሰው አገር እስር ቤት የቀሩ አሉ።

ለጉባኤ ብዙ ገንዘብ የሚይዙ ደግሞ ሕጉን ይወቁ። ወደ አሜሪካ ሲገቡም ሆነ ሲወጡ ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲገቡ ወይም ሲወጡ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ እንዲሁ። መያዝ አልተከለከለም፤ መደበቅ ነው የተከለከለው። "ለአምስታችን እናካፍለውና ማንም አይጠይቀንም" የሚለው ብልሃት በአሜሪካ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የእግዚአብሔርን ቤት ገንዘብ በእንዲህ ያለ መንገድ ማሳለፍ አይገባም። ወደ አገራችን ለሚገባውም የወቅቱን ደንብ ከጉምሩክ ወይም ከባንክ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ የሚከብድ ነገርም አለኝ። ለምንድን ነው ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ በሰው እጅ የሚጓዘው? ባንክ አለ፤ ሐዋላ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች አሉ። መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ትልቅ ነበር፤ ልማዱ ግን ዛሬም አልጠፋም። ለትንሽ ብልጫ ብሎ ዶላር በካልሲው ደብቆ የሚገባ አማኝ ከሌባ ጠብቀኝ ብሎ ሲጸልይ ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባኝም። ሌባውም እርሱም በድብቅ ነው የሚሠሩት። ሻንጣውን በዘይት ቀብቶ የሚሸኝ አገልጋይ ካለም ዘይቱን ለታመሙት ይተውልን።

ከአረብ አገር ለምትመለሱ እህቶች ለብቻ ልናገር። የላባችሁን ደመወዝ በየወሩ በስማችሁ ወደ ተከፈተ የባንክ ሒሳብ ላኩ፤ ለዓመታት በፍራሽ ሥር አከማችታችሁ በአንድ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። የፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። ወርቃችሁን አንገታችሁና እጃችሁ ላይ ደርድራችሁ በሌሊት ቦሌ አትውረዱ፤ ሊቀበሏችሁ ለሚመጡትም ስንት እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ በስልክ አትናገሩ። ይህን የምለው ቤተሰብን ለማማት አይደለም፤ ወሬው ግን ከቤተሰብ አልፎ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይዘረፋል። በሉቃስ 10 ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው ምን ስህተት እንደሠራ፣ ለምን ብቻውን እንደሄደ ጌታ አልተናገረም። እኛ ግን አንድ ሰው ሲዘረፍ "በሕይወቱ ምን በር ከፍቶ ይሆን?" ማለት ይቀናናል። የኢዮብ ወዳጆች ጥያቄ ነው፤ መልሱም በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አለ።

በእኛ ጉባኤ አሁን አንድ ደብተር አለ። ለጉባኤው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሲነሣ ሁለት ሰዎች ፊቱ ይቈጥራሉ፤ ሦስቱም ይፈርማሉ፤ ሲያስረክብም እንዲሁ። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሽማግሌዎች ቅር አላቸው፤ አሁን ግን መንገደኞቹ ራሳቸው ደብተሩን ይጠይቃሉ። ገንዘብ ወይም ፓስፖርት የተሰረቀበት ሰው በመጀመሪያ ለአካባቢው ፖሊስ አመልክቶ የጽሑፍ ማስረጃ ይቀበል፤ የባንክ ካርዱን ያዘጋ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ሊሴ ፓሴ ይጠይቅ፤ የፓስፖርቱ ቅጂ ካለው ሥራው ይቀልለታል። ከዚያም ወደ እኛ ይደውል። ስልኩን የምታነሡ ወገኖች መጀመሪያ "አንተ ደህና ነህ? በልተሃል? የት ነው የምታድረው?" በሉት። ስንት እንደ ጠፋ በደብተሩ ላይ አለ፤ ሌላ ቀን ይደረስበታል።