አካሉ የተጎዳ ገበሬ ወደ ሥራው እንዲመለስ ማኅበራት ምን ያድርጉ?

በገጠር አንድ አባወራ ግማሽ አካሉ ሲሰንፍ ወይም እጁ በአደጋ ሲጎዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰባስቦ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል፤ ጸበልም ይወስደዋል። ነፍሱ ከተረፈች በኋላ ግን «ተመስገን» ተብሎ ቤት ይቀመጣል። መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ የምርቱ እኩሌታ ከጎተራው ይቀራል፤ ልጁም ከትምህርት ገበታ ይነሣል። ጎረቤት በደቦ ቢያርስለት መልካም ነው። ሆኖም በየዓመቱ በደቦ የሚታረስለት ሰው በገዛ ማሳው ላይ እንግዳ ይሆናል።

ለዚህ ችግር የሠለጠነ ባለሙያ አለ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ሥራው የተጎዳው ሰው በቀረው አቅም እንዲበላ፣ እንዲለብስ፣ እንዲያርስ ማለማመድ፣ መሣሪያውንም ለአካሉ እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ነው።

ለምሳሌ ዕርፍ የሚያዘው በአንድ እጅ ነው፤ ሌላው እጅ ጅራፍ ይይዛል። ግራ እጁ የሰነፈ ገበሬ እግሩ ከጸናና በሬ የሚነዳለት ካገኘ ሊያርስ ይችላል። ጣቶቹ አልታጠፍ ላሉት የማጭዱን እጀታ በጨርቅና በጠፍር ጠምጥሞ ማወፈር ይረዳል። በሥጋ ደዌ እጇ የደነዘዘ እናት ድስት ስታወጣ ሳይታወቃት ትቃጠላለች፤ ወፍራም የጨርቅ መያዣ ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ የመንደሩ አንጥረኛ፣ አናጢና ልብስ ሰፊ ይሠሩታል። የትኛው መገጣጠሚያ ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ የሚለውን ግን ባለሙያው ይወስን።

እዚህ ላይ ወጌሻን ለመንቀፍ ባይሆንም አንድ ነገር መባል አለበት። የተሰበረ እጅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይከለከልና እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ጣቶች ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩን አላልቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ባለሙያው ከየት ይገኛል? በወረዳ ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሙያው በአገራችን ገና አዲስ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት የከፈተው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። እርሱ ባይገኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብዙ ሊረዳ ይችላል። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል።

ነገር ግን ሽባ የሆነ ሰው ወረቀቱን ይዞ ብቻውን የትም አይደርስም። የማኅበር መሪ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በየጎጡ የተጎዱትን፣ በጓዳ የተደበቁ ሕፃናትን ጭምር፣ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከስማቸው ጎን መሥራት ያቃታቸው ሥራ ይጻፍ። አጎራባች ማኅበራት ዝርዝራቸውን አንድ ላይ አድርገው ባለሙያ ለአንድ ቀን እንዲመጣላቸው ሆስፒታሉን በደብዳቤ ቢጠይቁ፣ አንድ በሽተኛ ከሚለምነው ይልቅ የመሰማት ዕድሉ ይሰፋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 የተሐድሶ አገልግሎት በገጠርም ጭምር በተቻለ መጠን ለመኖሪያ ቅርብ ይሁን ስለሚል፣ ደብዳቤው ይህን ቢጠቅስ ተገቢ ነው።

ባለሙያው በሚመጣበት ዕለት አንጥረኛውና አናጢው፣ የቤተሰቡ አባላት፣ ማጭዱና ሞፈሩም በቦታው ይገኙ። ምዝገባው በበጋ ቢሆን ይመረጣል፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ አውድማ ከተነሣ በኋላም ፋታ ይገኛል፤ የተስተካከለው መሣሪያ ለክረምቱ እርሻ ይደርሳል።