የትንበያ ሞዴልና የአእምሮ ሕሙማን መድኃኒት

አንዱን ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ሳይረዳው ይቀራል፤ ይህም ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመም እጅግ ይታያል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሕመምተኛ የትኛው መድኃኒት እንደሚበጀው ሐኪሙ አስቀድሞ በእርግጥ ሊያውቅ ስለማይችል፥ አንዱን ሰጥቶ ሳምንታት ይጠብቃል፥ ካልረዳውም ወደ ሌላው ይለውጣል። በዚህ መካከል ሕመምተኛው ይደክማል፥ ቤተ ዘመዱም ተስፋ ይቈርጣል።

ይህን ድካም ለማሳጠር የውጭ አገር ሊቃውንት የብዙ ሕሙማንን መዝገብ በኮምፒዩተር መርምረው፥ ማን በየትኛው መድኃኒት እንደሚሻለው የሚያመለክት የትንበያ ሞዴል ሠርተዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ሳይፈተን ሊታመን አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ምርምር እንዳስረዳው፥ ከአንድ የመድኃኒት ሙከራ መዝገብ የተሠራው ሞዴል በዚያው ሙከራ ውስጥ በደኅና ሲተነብይ፥ በሌላ ሙከራ ለነበሩት ሕሙማን ግን ዕጣ ከመጣል የተሻለ አልሆነም። የብዙ ሙከራዎች መዝገብ በአንድነት ቢሰበሰብም ነገሩ አልተሻሻለም።

የባሕር ማዶ ሚዛን በባሕር ማዶ እንኳ ካልጸና፥ ለኢትዮጵያ ሕሙማን እንዴት ይበቃል? ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ተጠይቀው፥ ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የሚበዙት ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ሰዎች በውጭው መዝገብ አልተጻፉም።

ከቡሬ ወይም ከገበዝ ማርያም ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ሕመምተኛ ሳይሻለው ቢቀር፥ መድኃኒቱ ስላልተስማማው ነውን? ወይስ የመንገድ ገንዘብ አጥቶ፥ ወይስ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው አልቆ፥ ወይስ ወደ ጠበል ሲሄድ ተው ተብሎ አቋርጦት ነው? ሞዴል ያልተጻፈለትን አያውቅም፤ መድኃኒቱን ያልዋጠውን ሰው መድኃኒቱ ያልረዳው አድርጎ ይቈጥረዋል።

ስለዚህ የጤና ሹማምንት አስቀድመው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፥ መዝገቡም በእውነት እንዲጻፍ ሊተጉ ይገባል። ሞዴሉ ቢመጣ በአገሩ ሕሙማን ይፈተን፤ ሐኪሙንም ይምከር እንጂ አይዘዝ። ካህናትም ጠበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪሙን መድኃኒት እንዳይተው ቢመክሩ፥ ብዙ ነፍስ ያተርፋሉ። እውነተኛ መዝገብ ሳይኖር የሚሰጥ ትንበያ በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው።