ርዕሰ አንቀጽ፦ ከጉልበቱ ፍሬኑ ይቅደም



እንደሚታወቀው ማታ ማታ በሰፈራችን መንገድ የሚሰማው ጩኸት የአውሮፕላን ሳይሆን የቪትዝ ነው። አንዳንድ ወጣቶቻችን የትንሿን መኪና ማርሚታ አስወልቀው፣ ሞላዋን አስቆርጠው፣ ሰፋፊ ቸርኬ አስገጥመው «አሁን ትበራለች» ይሉናል። በቅርቡ ከእነዚህ አንዷ ዳቦ ሊገዛ ከወጣ ሕፃን ፊት እንደምንም ቆመች። እግዜር አወጣው! ሁልጊዜ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላልና ዝም ማለት አልወደድንም።

እኛ የመኪና ፍቅርን የምናወግዝ አይደለንም። ፊያት 600 በከተማችን ጎዳና ትርመሰመስ በነበረበት ጊዜ ጎረምሶች የነበርን ሰዎች ሞተር መነካካት እንዴት እንደሚያስደስት እናውቃለን። በጣሊያን አገር ካርሎ አባርት የተባለው ሰው ይህችኑ ፊያት 600 አሻሽሎ ለውድድር አብቅቷታል። ፎልክስዋገንም በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) ጎልፍ ጂቲአይን ለገበያ ሲያወጣ ትንሽ መኪና ፈጣን ልትሆን እንደምትችል አሳይቷል። ልብ በሉ፤ የተለወጠው ሞተሯ ብቻ አልነበረም። ሞላዋም ፍሬኗም አብረው ተጠናክረዋል።

የእኛስ ነገር? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት አላት የምትባለው ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ሰንጋ ተራ ላይ ከ53 ብዙ አትዘልም። ማርሚታ ማውለቅ ይህን አይመልስም፤ በአብዛኛው የሚጨምረው ጩኸቱን ነው። የአየር ማጣሪያ መቀየርና ካንዴላ ማየት ግን ቢያንስ በቸልተኝነት የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል።

የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ከቦታው ሊዘል ይችላል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናዋ የምትንሸራተተው ርቀት ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ሸራው ያለቀ ፍሬን ይዞ ጉልበት መጨመር ምን ይባላል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያለችውን የቤንዚን መኪና ማበላሸት ለኪስም አይበጅ!

እኛም ብንሆን ጥፋት አለብን። ልጆቹን ስንቆጣ እንጂ ቀርበን ስናነጋግር አልታየንም። ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. መኪናውን የሚያሻሽል ሁሉ በቅድሚያ ፍሬኑን፣ ጎማውንና መሪውን ያስመርምር፤ ሞተሩ ኋላ ይደርሳል።

2. ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሞተር ማስጮህ ይቁም። በየቤቱ በሽተኛም፣ አራስም፣ ተማሪም አለ።

3. ሕፃናት በሚጫወቱበት መንገድ ፍጥነት መሞከር ፈጽሞ ይቅር።

4. በሰፈራችን ያላችሁ መካኒኮች እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ሰጥታችሁ የልጆቻችንን ፍሬን እዩላቸው።

ወላጆችም «ልጄ መኪናውን አሳመረ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ፍሬኑስ ታይቷል ወይ?» በሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ሰው። ልጆቻችን ሆይ፣ ሩጫውን አልከለከልናችሁም፤ መጀመሪያ ቆማችሁ ታጠቁ ነው ያልነው።