ጤፍ በአውሮፓ ታዋቂ ሆነ፤ የላስታን ልጅ አንጀት ግን ማን መረመረው?

አውሮፓ ውስጥ የጤፍ ዱቄት በትንሽ ከረጢት ታሽጎ፣ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ተለጥፎበት በውድ ዋጋ ይሸጣል። «ጤፋችን ሱፐርፉድ ሆነ» ብለን ሼር ያደረግን ብዙ ነን። ዛሬ ግን ከጀርባው ያለውን ጥያቄ እናንሳ፦ ግሉተን የሚጎዳው ልጅ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ባለ ቀበሌ ቢኖር ማን ያውቅለታል?

ነገሩ ምንድነው?

ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ለአብዛኞቻችን ችግር የለውም። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግን የሰውነቱ መከላከያ ግሉተንን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ሲዋጋው የራሱን ትንሹን አንጀት ያቆስላል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ይጠፋሉ። ልጁ ይበላል፣ ሰውነቱ ግን አያገኘውም። ይከሳል፣ ተቅማጥ አይለቀውም፣ ደም ያንሰዋል፣ ቁመቱ አይጨምርም። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት እንዲህ ያለ በሽታ ኦቶኢሚዩን ይባላል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል።

ጥፋቱ የዳቦ መሆኑን ለማሳየት የረዳው ረሃብ ነበር። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ሲጠፋ፣ የሕጻናት ሐኪሙ ቪለም ዲከ ታማሚ ልጆቹ ሲሻላቸው አየ። ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ።

በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍን መርምረው፣ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሌለበት በታዋቂው ኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ዝናው የመጣው ከዚህ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ ስንት ጭቅጭቅ ከተነሣ በኋላ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። ደስ አለን፣ ልክም ነበርን።

ላስታ ላይ ለምን ይደበቃል?

የላስታ ደጋ የገብስ አገር ነው። ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ እንጀራው ብዙ ጊዜ ገብስ፣ የጠላው ብቅልም ገብስ። የሴፍቲኔቱ እርዳታ ሲመጣ ደግሞ ስንዴ ነው። እርዳታው ነፍስ አድኗል፣ እሱ ላይ ክርክር የለንም። ግን አልጄሪያ ውስጥ በስደት ካምፕ የሚኖሩት ሰሃራዊያን ዘንድ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከሕጻናቱ 5.6 በመቶው ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳይቷል። እነሱም በእርዳታ ስንዴ የሚኖሩ ናቸው። «የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አባባል እዚያ ላይ ወደቀ።

በአማራ ክልል በ2016ቱ እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም። ዋናው ምክንያት የታወቀ ነው፦ የምግብ እጥረት፣ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ፣ የአንጀት ትላትል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የመጣ ልጅ የትል መድኃኒትና ፕላምፒ ነት ቢሰጠው ትክክል ነው። ችግሩ፣ ሴሊያክም ቁጭ ብሎ ይህንኑ ይመስላል። በቆሻሻ ውሃ የተጎዳ አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንኳ ከሴሊያክ ጋር ይቀራረባል።

እስቲ አስቡት። ፕላምፒ ነት የሚሠራው ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት ነው፣ ግሉተን የለበትም። ልጁ በሱ ያገግማል። ቤቱ ገብቶ በሶ ሲበላ እንደገና ይከሳል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቤት ውስጥ በቂ ምግብ አለመኖሩ ነው። አንዳንዴ ግን ዲከ ያየው ነገር ቢሆንስ? እናትየው «አልመገብሽውም» ተብላ ትወቀሳለች እንጂ በሶውን ማንም አይጠረጥርም።

ምን ይደረግ?

የአገራችን የኢሚዩኖሎጂ ምርምር ያደገው በተላላፊ በሽታ ዙሪያ ነው። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን ተቋም በ1970 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ለሥጋ ደዌ ነበር። ሰው እየገደለ ያለውን ማስቀደም ተገቢ ነው። በዚያ ላይ በ2013 እና 14ቱ ጦርነት የሰሜን ወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። በየቀበሌው ኢንዶስኮፒ ይተከል የሚል ቅዠት የለንም።

የምንለው ትንሽ ነው። ወልድያ፣ ደሴና ጎንደር የሚማሩ የጤና ተማሪዎች «አገግሞ ደጋግሞ የሚወድቅ ልጅ ካለ ሴሊያክን አስብ» የሚለውን ይማሩ። የደም ምርመራው ቢያንስ ሪፈራል ሆስፒታሎች ላይ ይኑር። ገብስ በሚበላው ደጋ ላይም ጥናት ይሠራ።

መድኃኒቱ ራሱ ምግብ ነው፦ ስንዴና ገብስን ዕድሜ ልክ መተው። ጤፍ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ የገበያ እንጀራ ደግሞ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል። ደግነቱ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ድንችም ከግሉተን ነፃ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን አንብባችሁ ገብስ እንዳታቆሙ! ከምርመራ በፊት ካቆማችሁ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሌላው።

ጤፋችን ለአውሮፓ ታማሚ ከደረሰ፣ ምርመራው ለላስታ ልጅ የማይደርስበት ምክንያት ምንድነው? የጤና ተማሪዎች ካላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ሴሊያክ ምን ያህል ተምራችኋል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።