በጣና ዳርቻ የሚሠራ ሰው ስለ ነገደ ወይጦ ሊማር ይገባዋል

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ስለ ደንበኛ አያያዝና ስለ ሥራ አመራር ለሠራተኞቻቸው በየጊዜው ሥልጠና ሲያሰጡ እያየሁ፣ ከሐይቁ ጋር ከጥንት ጀምሮ ስለ ኖረው ስለ ነገደ ወይጦ ግን አንዳች ትምህርት ሲታከልበት ባለማየቴ፣ ይህን ጦማር ለመላክ ኅሊናዬ ግድ ብሎኛል።

ነገደ ወይጦ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርብ፣ እስልምናን የሚከተል ሕዝብ ሲሆን፣ አበው ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይመገቡ ስለ ነበር ክርስቲያኑም እስላሙም ማዕዱን ሲነፍገው ኖሯል። የጉማሬው አደን ቢቀርም መጸየፉ ከልቡናችን ፈጽሞ አልወጣም፤ ከነገዱ የተወለደ ወጣት ተምሮ ሥራ ቢይዝ እንኳ በምሳ ሰዓት አብሮት ለመቍረስ የሚያመነታ ባልንጀራ ዛሬም አይጠፋም፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ስለ ደነገገ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ድንጋጌው ዳኛ ፊት ለቀረበ ክስ ይጠቅማል እንጂ፣ በመስኮት በኩል ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣውን ሽማግሌ «አንተ» ብሎ የሚያመናጭቀውን ጸሐፊ ጠባይ አያርቅም። በካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች 57ኛው፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የነባር ሕዝቦችን ታሪክ እንዲማሩ የጠየቀው፣ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ተረዳ ይመስለኛል።

አለማወቁ የሚጎዳውም አክብሮትን ብቻ አይደለም፤ በእኛ በእንፍራንዝ፣ የባሕር ዳር ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ በሚፈልቅበት ምድር፣ ረግረጉን እንጠብቅ የሚሉ ባለሙያዎች መጥተው ሲለኩና ሲመዘግቡ፣ ደንገሉ በየትኛው ወራት ቢታጨድ መልሶ እንደሚያቈጠቍጥ፣ ዓሣውም በክረምት ወዴት እንደሚወጣ ከአባቶቹ የተማረውን የወይጦ ሰው ሳይጠይቁ ሲመለሱ አይቻለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህማ፣ ማጨድና ማጥመድን የሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ አስቀድሞ የሚነካው የዚህን ሕዝብ እንጀራ ነው።

ስለዚህ በሐይቁ ዳርቻ የሚቀጠር ጸሐፊ፣ ሐኪም፣ መምህርና የሆቴል አስተናጋጅ ሥራ ሲጀምር ይህን ትምህርት ይቀበል እላለሁ። ትምህርቱም ታንኳ በሚሠራበት ስፍራ ይሁን፤ መምህራኑም የነገዱ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና የተማሩ ልጆቻቸው ይሁኑ፤ ከሩቅ ለሚጠራ አሠልጣኝ የሚታሰበውም አበል ሳይጓደል ለእነርሱ ይከፈል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ ከእንፍራንዝ